የበቆሎ ኩባያዎቹና የኦቦ ቱፋ ጉድጓድ

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል። እኔ ነበርኩ፤ የቀበርኩትም፣ ተደብቄ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ በቀር በትክክል ሊነግራችሁ የሚችል ሰው የለም። ልቤ እንዲቀለኝ ብዬ የምጽፈው እንዳይመስላችሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም አሰላ ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ባየሁ ቁጥር ፊቴን የማዞርበት ይጠፋኛል።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ትዕግሥት እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ኬሚስትሪ ተምሬ፣ አሰላ ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። ሐሳቤ ሁለት ዓመት ሠርቼ መዛወር ነበር። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሳያባርረኝ፣ ሰዉም እየወደደኝ፣ ሰባተኛ ዓመቴን ያዝኩ። አሰላ ውስጥ አስተማሪ ከሆናችሁ ስማችሁ ይቀራል፤ ባንክ ቤትም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም «ቲቸር» ናችሁ። ሰዉ ያልተማርኩትን ሁሉ ይጠይቀኛል። የልጅ ትኩሳት፣ የስልክ ብልሽት፣ ድንች ቅጠል ላይ የወጣ ነጭ ነገር፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔም ብሆን «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ካላወቅሁ ገምቼ፣ ግምቴን በእንግሊዝኛ ቃል ሸፍኜ እመልሳለሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

የምሄድበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሦስት ቀን የሚቆይ ኮንፈረንስ ያዘጋጃል። ከሲሬም፣ ከጎበሳም፣ ከአርቦዬም እንግዳ ይመጣል። ያን ሁሉ ሰው ለማብላትና ለማጠጣት እያንዳንዱ ቤት ያለውን ኩባያና ሳህን ያዋጣ ነበር። የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ የአንዷ ቀይ ነጥብ፣ የሌላዋ ሰማያዊ መስቀል። የሴቶች ኮሚቴው በየማታው አጥቦ፣ አድርቆ፣ ምልክቱን እያየ ይለያል። በኅዳር ብርድ፣ በአሰላ ውሃ! ጣታችን ደርቆ እንደ እንጨት ይሆናል። እኔ ደግሞ ማጠብ አልወድም። እውነቱ ይኼ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ስለ ተፈጥሮ ተቆርቁሬ ሳይሆን ኩባያ ማጠብ ስለማልወድ ነው።

አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ደውላ «ከበቆሎ የተሠራ ፕላስቲክ መጥቷል፤ ተጠቅማችሁ ስትጥሉት አፈር ይሆናል» አለችኝ። አንድ ካርቶን ናሙና ላከችልኝ። ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎ፣ በትልልቁ ከዕፅዋት እንደተሠራና እንደሚበሰብስ ተጽፏል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ሌላ ነገር አለ፦ የሚበሰብሰው በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ የብስባሽ ፋብሪካ ውስጥ ብቻ ነው ይላል። አንብቤዋለሁ። ቤቴ ቆሜ፣ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ፋብሪካ አሰላ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ። «አፈር ያው አፈር ነው፤ ትንሽ ይቆይ ይሆናል እንጂ» አልኩና ካርቶኑን ለኮሚቴው ከመውሰዴ በፊት ያን ጎን በእጄ ከለልኩት።

ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ቆሻሻው የት ይግባ ሲባል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡ። ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጅረት ዳር፣ በመስኖ ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙባት ጠባብ ማሳ አለቻቸው። ከዚያች ሌላ መሬት የላቸውም።

«ቲቸር፣ እውነት አፈር ይሆናል?» አሉኝ።

«ኦቦ ቱፋ፣ በቆሎ እኮ ነው! አንድ ክረምት ይዝነብበት፤ በዓመቱ ያርሱበታል።»

«እንግዲያ ከማሳዬ ጥግ እሰጣለሁ። ለመሬቱም ምግብ ይሆነዋል።»

ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ። ኦቦ ቱፋ ያደጉት በአርቦዬ በኩል ቆላው ውስጥ ነው፤ አያታቸው ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ኦቦ ቱፋ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዝም ብለው አይቆፍሩም። ግድግዳውን አለሰለሱት፣ ከሥርም ከጎንም ገለባ አለበሱት፣ ኩባያውና ሳህኑ ከትርፍራፊው ጋር ከገባ በኋላ በላዩ ገለባ ደርበው፣ ጭቃ ለስነው፣ አፈር መልሰው ረገጡት። ውሻ እንዳይጭረው፣ ሽታ እንዳይወጣ፣ ጎረቤት እንዳይቀየም ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «እንዲህ ነው ሥራ!» እያልኩ አደንቃለሁ። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ።

ዓመቱ ሞላ። ኮንፈረንሱ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ፓስተራችን «ቅዳሜ ጠዋት እንግዶች ባሉበት ጉድጓዱ ይከፈት። ሰው ዓይቶ ይማር» አሉ። እኔ በደስታ ተስማማሁ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ያ ትንንሽ ፊደል ትዝ አለኝ።

በኮንፈረንሱ ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። ኦቦ ቱፋና ባለቤታቸው አዴ ሻሼ ለለቅሶ ሲሬ ሄደዋል፤ ዓርብ ማታ ነው የሚመለሱት። «ጫፉን ብቻ ልይ» ብዬ ሄድኩ። የእሳቸውን አካፋ ከጎጆው ጥግ አነሣሁና መቆፈር ጀመርኩ። የተለሰነው ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ በስንት መከራ ሰበርኩት። ከሥሩ ያለው ገለባ ቢጫ ነው፤ ትናንት የገባ ይመስላል። ገለባውን ገለጥ አደረግሁት።

ኩባያዎቹ ነጭ ናቸው። አንዱን አንሥቼ በቀሚሴ ጠረግሁት፤ አበራ። አንዲት ልጅ በእስክሪብቶ ስሟን የጻፈችበት ኩባያ ወጣ፤ «ሔለን» የሚለው አልደበዘዘም። ጠርዙ ላይ የከንፈር ቀለም ያለበትም አለ። የተረፈው እንጀራና ወጥ ጠቁሮ፣ ኮምጥጦ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታ ሰጥቷል እንጂ ኩባያና ሳህኖቹ እንደገቡ ናቸው። አንዱን አጠፍኩት፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ስባሪውም ነጭ ነው። የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጥኩና እግሬ እስኪደነዝዝ አልተነሣሁም።

እዚህ ላይ «ደንግጣ ለፓስተሩ ደወለች» ብላችሁ ገምታችሁልኝ ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ አልደወልኩም። የደወልኩት ለጀማል ነው። ጀማል ባለ ጋሪ ነው፤ ሳቂታ ሰው። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ መጣ። የሐሙስን ቀሪ ሰዓትና የዓርብን ከሰዓት በሙሉ እኔ ከጉድጓድ እያወጣሁ፣ እሱ እየጫነ፣ ስምንት ጆንያ ሞላን።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ቆሻሻ ነዋ። ከተማው ቆሻሻ መጣያ ነው የምትወስደው።»

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ቆሻሻ ዓይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ባዶው ጉድጓድ ደግሞ ዝም አይባልም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች በሁለት ዓመት ያበሰበሱት ክምር ነበረ፤ ጥቁር፣ የተብላላ፣ ሲይዙት የሚፈረፈር ብስባሽ። «ለሠርቶ ማሳያ ነው» ብዬ ለዘበኛው ነገርኩና በዚያው ጋሪ አመላለስኩት። የኦቦ ቱፋን ጉድጓድ በተማሪዎቼ አፈር ሞላሁት። ገለባ አለበስኩ፣ ጭቃውንም መልሼ ለሰንኩ። አካፋውንም አጥቤ ወደነበረበት መለስኩ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ከመቶ የሚበልጥ ሰው ማሳው ዳር ቆመ። ጸሎት ተደረገ። ኦቦ ቱፋ ኮታቸውን አውልቀው ጉድጓዱን መክፈት ጀመሩ። ጭቃው ተነሣ፣ ገለባው ተነሣ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ወደ ጭላሎ ተመለከትኩ። እጃቸውን ከተው አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር አወጡ። የእሳቸው መሬት ቀይ ነው። አፈሩን አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ዋቃዮ! አንድ ኩባያ እንኳ የለም። ይኼ አፈር አይደለም፤ ቅቤ ነው!»

ሰዉ አጨበጨበ፤ ሃሌሉያ ተባለ። የጎበሳ እንግዶች አፈሩን በላስቲክ ቋጥረው ያዙ፤ ለማሳያ። ፓስተሩ «ቲቸር ታስረዳን» አሉ። አስረዳሁ። ምን እንዳልኩ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል፤ ብቻ «ተፈጥሮ የራሷን አትረሳም» የሚል ነገር ነበረበት።

ኦቦ ቱፋ ከጉድጓዱ ሳይወጡ እጃቸውን አነሡ። «ስሙኝ። የዘንድሮው የኮንፈረንስ ኩባያ እዚሁ ይቀበር። የሠርጉም፣ የሌላውም ቤተ ክርስቲያን ይምጣ። ማሳዬን በሙሉ ለጉድጓድ እሰጣለሁ። ዘንድሮ ባላመርት በሚቀጥለው ዓመት መሬቴ ሁሉ እንዲህ ይጠቁርልኛል።»

አዴ ሻሼ ከሴቶቹ መካከል «ሽንኩርቱስ? በቅሎ የለ እንዴ!» አሉ።

«ይነቀላል። ቲቸር ብላለች እኮ።»

ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም። ፈገግ አልኩ።

እሑድ ደግሞ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠራሁ። ማይክሮፎኑን ይዤ፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት፣ የቅዳሜውን ደገምኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ እኔ ላይ ግን እያደር ከበደ። ምሳ ላይ ሰው ሁሉ በበቆሎ ኩባያ ሻይ ይጠጣል፤ እየጠጣ ያመሰግነኛል። ያገለገሉት ኩባያዎች በጆንያ እየታጨቁ የአዳራሹ ደጅ ላይ ተደረደሩ፤ ለሰኞ።

ወደ ማምሻው አዴ ሻሼ ለብቻዬ ጠሩኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከውስጡ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ክዳን አወጡ፤ ጫፉ በጥርስ የታኘከ፣ የተማሪ።

«ቲቸር፣ ከዚያ ከጥቁሩ አፈር ለጎመኔ ወስጄ ነበር። ይኼ ወጣ። ይኼኛው ከበቆሎ ስላልሆነ ነው ያልበሰበሰው፣ አይደል?»

ዓይናቸውን አየሁ። ተንኮል ፈልጌ ነበር፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ምንም የለም። የሚያምኗት አስተማሪ የነገረቻቸውን በትክክል ገብቷቸው እንደሆነ ነው የጠየቁኝ።

«አዎ፣ አዴ ሻሼ» አልኩ። «ስላልሆነ ነው።»

«እኔም ለባሌ እንዲሁ ብዬዋለሁ» አሉና ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ያን ማታ ራት አልበላሁም። ከጆንያው፣ ከማይክሮፎኑ፣ ከሁሉ ይልቅ ያ «አዎ» አንገበገበኝ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ሄጄ ልናገር ወሰንኩ። ያኔውኑ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ብዙም ሩቅ አይደለም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር ደረስኩ። ኦቦ ቱፋ ከእኔ ቀድመዋል። ማሳው ግማሹ ተነቅሏል። ጣት የሚያክሉ፣ ገና ፍንካች ያልሠሩ የሽንኩርት ቡቃያዎች ከነሥራቸው ተከምረዋል፤ ጤዛ አለባቸው። አዲስ ጉድጓድ ተጀምሮ እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ውስጡ ቆመዋል። የእኔ አንዲት ሌሊት ግማሽ ማሳ በላች።

«ኦቦ ቱፋ፣ ያቁሙ።»

«ምነው ልጄ? በጠዋት?»

«ያቁሙ እባክዎ። ኩባያዎቹ አልበሰበሱም። አፈሩ የእርስዎ ጉድጓድ አፈር አይደለም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

አካፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ቀስ ብለው ወጥተው ያወጡት አፈር ላይ ተቀመጡ። ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ጋሪውን፣ የትምህርት ቤቱን ክምር፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ሳላለቅስ ለመናገር ሞክሬ አልቻልኩም። እሳቸው አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም።

«ምን መስለው ነበር ስታወጫቸው?»

«አዲስ።»

«ገለባውስ?»

«እሱም ቢጫ ነበር።»

ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ኤዬ! ጥፋቱ የእኔ ነዋ! አያቴ እህል ሲቀብር እንዲህ ነበር የሚደፍነው፤ እንዲቆይ! አየር እንዳይገባው፣ ውሃ እንዳይነካው። እኔ ደፍኜ አስቀመጥኩልሽ እንጂ መች ቀበርኩልሽ? አታልቅሺ፣ ያስተማርሽን ልክ ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማፍርበት ቦታ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ይኼኛው ነው። በሩ ተከፈተልኝ። ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ጥፋቴን ተሸክመው «ውጪ» አሉኝ። እኔም ልውጣ አልውጣ ብዬ አሰብኩ። «አዎ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርገውት ነበር» ለማለት አፌን ከፍቼ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። የቡቃያው ክምር ላይ ዓይኔ ባያርፍ ኖሮ እለው ነበር።

«አይደለም» አልኩ። «ሳይደፈንም አይበሰብስም። ብርድ ነው እዚህ። እጅ የማያስገባ ሙቀት ይፈልጋል፣ አየርም ይፈልጋል። በፋብሪካ ካልሆነ እንደማይሆን ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ።»

«አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሥተው ኮታቸውን አነሡ።

«አሁን ኩባያዎቹ የት ናቸው?»

«ከተማው ቆሻሻ መጣያ።»

«ውሰጂኝ፤ ልያቸው።»

በጀማል ጋሪ ሄድን። ቆሻሻ መጣያው ጋ እየዞሩ የውሃ ፕላስቲክ የሚለቅሙ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት አገኘን። ነጭ ኩባያ ስል ገና ጨርሼ ሳልናገር ሳቁ።

«የሐሙስና የዓርቡ? እናንተ ናችሁ እንዴ? ደስ ብሎኝ ለቅሜው ነበር። ፕላስቲክ የሚረከበን ሰውዬ መለሰብኝ፤ ከሌላው ጋር ሲቀልጥ ያበላሽብኛል ብሎ። ያው እዚያ ተከምሯል፤ ዛሬ ነገ አፈር ይለበሳል።»

«ከበቆሎ ነው የተሠራው» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ከበቆሎ?» እትዬ ዘነበች አዩን። «ኑ በቆሎ ላሳያችሁ።»

ሎደር ለመንገድ የቆረጠው የክምሩ ጎን ጋ ወሰዱን። ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። ዓመት በዓመት ላይ የተጫነ ላስቲክ፣ ጨርቅ፣ አመድ፣ ጋዜጣ። እትዬ ዘነበች በብረት መንጠቋቸው ከታች ጎረጎሩና አንድ ነገር አውጥተው ለኦቦ ቱፋ ሰጧቸው። የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ጠቁሯል እንጂ ቅርጹ አልፈረሰም፤ ፍሬው የተነቀለበት ጉድጓድ ሳይቀር ይቆጠራል።

«እኔ እዚህ ሥራ ሳልጀምር የተጣለ ነው። ይኼ ክምር ነገር አያበሰብስም፤ ያስቀምጣል። የበሰበሰው ጥቂቱም ጋዝ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ አንዳንዴ በራሱ ይነድብናል። እውነተኛው በቆሎ እንዲህ ከሆነ የእናንተ ኩባያ ምን ይሁን?»

ኦቦ ቱፋ ቆረቆንዳውን በጣታቸው ሲያሹት ቆዩ። «ቲቸር፣ ይኼ ከእኔ ጉድጓድ በምን ይለያል?»

«በትልቅነቱ ብቻ» አልኩ።

«እሺ። ስምንቱንም ጆንያ ጫኑ። የእኔን ጥፋት ሌላ ሰው ላይ ጥዬ አልሄድም።»

«የእኔን ጥፋት» ነው ያሉት። አላረምኳቸውም። ጆንያዎቹ የእኔ ኪራይ ቤት ግቢ ውስጥ ተራገፉ። ለሰኞ የታጨቁትም ተጨመሩባቸው። ዛሬም አሉ፤ አከራዬ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ፓስተሩን አስፈቅጄ ያንኑ ማይክሮፎን ያዝኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኩባያ ማጠብ ስለማልወድ እንደተጀመረ ሳይቀር። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሲሬም፣ ጎበሳም፣ አርቦዬም ደውዬ አፈሩን ይዘው የሄዱትን እንግዶች አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የጎበሳው ሽማግሌ «እኛ እኮ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረናል» አሉኝና ስልኩን ዘጉ። የክበቡን ተማሪዎችም ክፍል ውስጥ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ይልቅ ጨክነው ነው ያዩኝ።

ያ ሁሉ ሲያልፍ አንድ ነገር ቀረኝ። ማሳው። ከተነቀለው ቡቃያ ጥቂቱ ተመልሶ ቢተከልም አብዛኛው ደርቋል። ቅዳሜ ጠዋት ዘር ይዤ ሄድኩ። አዴ ሻሼ ከጎናቸው ቦታ ሰጡኝ፤ ጎንበስ ብለን እስከ ቀትር አንድ በአንድ ፍንካቹን ወደ አፈር ስናስገባ ዋልን። ወገቤ ሲቆረጥ ቀና አልኩ። እሳቸውም ቀና አሉ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት አፈሩን ሲያሸተው ዓይተሽዋል። እንባውንም ዓይተሽዋል። ለምን ዝም አልሽ?»

«እንደማላውቅ እንዳታውቁብኝ ፈርቼ ነው።»

ገረማቸው። «እኛ እኮ ሁልጊዜ አናውቅም። ታፍሪብን ነበር ማለት ነው?»

ጎንበስ ብዬ መትከሌን ቀጠልኩ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ሰው «ቲቸር» ወይም «ዶክተር» ወይም «ኤክስፐርት» ብሎ የሚያምናችሁ፣ ስለ በቆሎ ፕላስቲክ አትጠቀሙ ወይም ተጠቀሙ ብዬ አልሰብካችሁም። ሙቀቱና አየሩ ያለበት ቦታ ካለ ምናልባት ይበሰብሳል፤ እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት የተቀበረ ነገር ሁሉ አፈር እንደማይሆን ነው። ደግሞም ሰው ሲያምናችሁ እምነቱን ይዞ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ዓይቻለሁ፤ ቡቃያውን ይነቅልበታል።

ኦቦ ቱፋ አልተቀየሙኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ የደብረ ማርቆስ ቤተ ሰቦቼን ሳይቀር ጠይቀው ነው የሚያልፉት። ባለፈው ክረምት ሽንኩርታቸውን ሻጋታ መታው። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። ድሮ ቢሆን አንዲት ቅጠል ቆርጠው፣ በመሐረብ ጠቅልለው፣ ክፍሌ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ደጃፍ ላይ ተገናኘን። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። ከዚያ «በይ ደኅና ዋዪ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ። ስለ መሬታቸው አንድም ነገር አልጠየቁኝም።